አንድ ደም፣ ሶስት መልስ፦ የሄርፒስ ምርመራዬ ሙሉ ታሪክ

ይሄን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ይዤው ቆይቻለሁ። ባለቤቴ "ጻፊው፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም" ስላለኝ ነው የምጽፈው፣ የሱንም የኔንም ስም ግን አላነሳም፣ የሄድንባቸውን ክሊኒኮችም አልጠራም። የምጽፈው ማታ ስልኩ ላይ "ሄርፒስ 2 ፖዘቲቭ" የሚል ሪዘልት አይቶ እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው፣ ምክንያቱም እኔ ያን ሌሊት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስፈልግ አድሬ አንድም የረባ አላገኘሁም።

ጊዜው 2022 መስከረም ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ እሱ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ሽማግሌ ተልኮ አልቋል፣ ሠርጉ ጥር ላይ አዲስ አበባ እንዲሆን ተወስኗል፣ የአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል። እንደሚታወቀው ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠየቃል፣ እኔም ለሱ ብዬ ክሊኒክ ሄድኩና ደም ከሰጠሁ አይቀር ብዬ "ሁሉንም መርምሩልኝ" አልኳቸው። ምንም ምልክት የለኝም፣ ቁስል የለ፣ ሽፍታ የለ፣ ማሳከክ የለ፣ በህይወቴም ኖሮኝ አያውቅም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አርብ ማታ ፖርታሉ ላይ ሪዘልቱ ገባ። ኤችአይቪ ኔጋቲቭ፣ ቂጥኝ ኔጋቲቭ፣ ሄፓታይተስ ኔጋቲቭ፣ ከዛ ወደታች ስወርድ በቀይ ተጽፎ "ኤችኤስቪ 2 አይጂጂ ፖዘቲቭ"። "ኤችኤስቪ 1 አይጂጂ"ም ፖዘቲቭ። "አይጂኤም" የሚባለውም ፖዘቲቭ። (ኤችኤስቪ ማለት የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ 1 እና 2 ዓይነቶቹ ናቸው፣ 2 በአብዛኛው የብልቱ ነው፤ አይጂጂና አይጂኤም ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሰራቸው አንቲቦዲ የሚባሉ ነገሮች ናቸው።) ቁጥሮች ከጎኑ ነበሩ ግን ቁጥሩን ማን አየ፣ እኔ ያየሁት ቀዩን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ "አይጂኤም ማለት አዲስ ኢንፌክሽን ነው" የሚል አነበብኩና አለቀልኝ፣ አዲስ ከሆነ ማለት ካሁኑ እጮኛዬ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ሰው የለማ!

ሰኞ ዶክተሯ ደወለችልኝ፣ ንግግራችን አምስት ደቂቃ አይሞላም። የብልት ሄርፒስ እንዳለብኝ፣ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር እንደሆነ፣ እንደማይገድል፣ ቫላሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት 500 ሚሊግራም በቀን አንድ እንድወስድ ነገረችኝና ለፓርትነርሽ ንገሪው አለችኝ። ሰው ናት፣ በጥሩ ድምፅ ነው ያወራችኝ፣ አልቀየምኳትም። ግን ስለ ቁጥሩ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ አለ አላለችኝም፣ ምልክት ኖሮሽ ያውቃል ወይ ብላም አልጠየቀችኝም።

ለሱ የነገርኩት በዛው ቀን ማታ መኪና ውስጥ ነው። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዛ "ከማን?" አለኝ። ሌላ ጊዜ "ሆዴ" የሚለኝ ሰው ያን ቀን ስሜን እንኳ አልጠራም። እኔም በልቤ የያዝኩት ተመሳሳይ ጥያቄ ስለነበረ መልስ አልነበረኝም፣ ዝም ብዬ አለቀስኩ። በነጋታው ሄዶ ተመረመረ። በሶስተኛው ቀን ሪዘልቱን ላከልኝ፣ ኤችኤስቪ 1 ኔጋቲቭ፣ ኤችኤስቪ 2 ኔጋቲቭ። ከስሩ ምንም አልጻፈም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። እንደዛም ሆኖ፣ ሪዘልቱ እውነት ነው እንኳ ብንል፣ "አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ከሆነ አንዱ ማግጧል" የሚለው ስሌት ትክክል አይደለም። ኤችኤስቪ 2 ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም፣ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ14 እስከ 49 አመት ካሉት ቫይረሱ የተገኘባቸው ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ ሐኪም ነግሯቸው አያውቅም። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ለአመታት ይቀመጣል። ከአስር አመት በፊት የያዘው ሰው ዛሬ ሊታይበት ይችላል፣ ጨርሶ ላይታይበትም ይችላል። አንድ ላይ አመታት ኖረው አንዱ ላይ ብቻ ያለባቸው ባልና ሚስትም ሞልተዋል። እኛ ግን ይሄን ማን ነግሮን።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነን ቆየን፣ መነጋገር የለም መለያየትም የለም። እኔ ሌላ ቦታ ሄጄ ድጋሚ ልመርመር ብዬ ከኪሴ ከፍዬ ሌላ ላብ ደም ሰጠሁ። የመጣው መልስ ፖዘቲቭም አይደለም ኔጋቲቭም አይደለም፣ "ኢኩዊቮካል" ይላል፣ አልለየለትም ማለት ነው። ደስ ልበል ልዘን አላወቅኩም። እሱ ደግሞ "መድኃኒቱን እየወሰድሽ ስለሆነ ነው የቀነሰው" አለ፣ ልክ ይመስላል ግን እንደዛ አይሰራም፣ መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ነው የሚያደርገው እንጂ በጥቂት ቀን አንቲቦዲን ከደም ውስጥ አያጠፋም። ከዛ መጀመሪያ ወደነበርኩበት ክሊኒክ ተመልሼ ለሶስተኛ ጊዜ ተመረመርኩ፣ ፖዘቲቭ። አንድ ሰው፣ ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ፖዘቲቭ ከዛ አልለየለትም ከዛ ፖዘቲቭ።

ነገሩን የፈታችው ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እትዬ ናት፣ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ብዙ አመት የሰራች። ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፣ ግን ቅዳሴ ወጥተን ፊቴን አይታ "ምን ሆነሻል ልጄ" ስትለኝ አላስቻለኝም፣ መኪናዬ ውስጥ ገብተን ሁሉንም ነገርኳት። ምንም አልደነገጠችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፣ "ቁጥሩ ስንት ነው?"

ስልኬን ከፍቼ አሳየኋት። መጀመሪያ 1.62፣ ሁለተኛው 0.98፣ ሶስተኛው 1.71። መነጽሯን አውልቃ "በይ አሁን እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ" አለችኝ። እሷ ያን ቀን ያስረዳችኝን ከዛ በኋላ እኔ ካነበብኩት ጋር ቀላቅዬ ልንገራችሁ፣ የጉዳዩ ልብ እዚህ ጋ ነው።

የተለመደው የሄርፒስ ደም ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም፣ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሰራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ኤችኤስቪ 1 እና ኤችኤስቪ 2 ደግሞ እንደ ወንድማማች በጣም ይመሳሰላሉ፣ ለአንዱ የተሰራ አንቲቦዲ ሌላውም ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ለዚህ ነው ምርመራው ሁለቱ የሚለያዩበትን አንድ ፕሮቲን፣ ግላይኮፕሮቲን ጂ የሚባለውን የሚጠቀመው። ደሙ ተጨምሮ አንቲቦዲ ከተለጠፈ ቀለም ይመጣል፣ ማሽኑ የቀለሙን መጠን ከመለኪያ ናሙና ጋር ያነጻጽርና ቁጥር ያወጣል፣ ኢንዴክስ የሚባለው እሱ ነው። በብዙ ላቦች ከ0.90 በታች ኔጋቲቭ፣ ከ0.90 እስከ 1.09 አልለየለትም፣ 1.10 እና ከዛ በላይ ፖዘቲቭ። በቃ። 1.10 ያለውም 15 ያለውም ፖርታሉ ላይ የሚወጣለት ያው አንድ ቀይ ቃል ነው።

ችግሩ ታች ያሉት ቁጥሮች አይታመኑም። ሌላ ነገር ትንሽ ከተለጠፈ እንኳ ቁጥሩ 1.5 ወይ 2 ሊደርስ ይችላል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም) በ2021 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ላይ ይሄን በግልጽ ጽፎታል፣ የኤችኤስቪ 2 ኢንዴክስ ከ3.0 በታች ከሆነ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት ይላል። በዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ የምርመራው ስፔሲፊሲቲ (ቫይረሱ የሌለበትን ሰው በትክክል ኔጋቲቭ የማለት ብቃቱ) 39.8 በመቶ ብቻ እንደሆነ የሚያሳይ ጥናትም ጠቅሷል። ከ3.0 በላይ ላሉት እንኳ 78.6 በመቶ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ 2022 ጥቅምት ነው፣ መመሪያው ከወጣ አመት አልፎታል፣ እኔን የመረመረኝ ክሊኒክ ውስጥ ግን ያነበበው ሰው ያለ አይመስልም። እስካሁንም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የአይጂኤሙ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እኔ "አዲስ ኢንፌክሽን" ብዬ እጮኛዬን በልቤ የከሰስኩበት ምርመራ ጨርሶ መደረግ አልነበረበትም። አይጂኤም ኤችኤስቪ 1ን ከ2 አይለይም፣ የቆየ ቫይረስ ሲያገረሽም ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ሲዲሲም አትጠቀሙበት ነው የሚለው። ሪዘልታችሁ ላይ ካያችሁት በሱ ተነስታችሁ ማንንም አትጠርጥሩ።

ሌላው የቁጥር ነገር፣ እትዬ ወረቀት ላይ ያሰላችልኝ። 10,000 ሰው እንመርምር፣ ከነሱ ውስጥ 15 በመቶው ማለትም 1,500 ሰው ቫይረሱ አለበት እንበል። ምርመራው ከነዚህ 99 በመቶውን ቢያገኝ 1,485 እውነተኛ ፖዘቲቭ። የቀሩት 8,500 ሰዎች ጤነኛ ናቸው፣ ምርመራው ከመቶ ጤነኛ 81ዱን ብቻ በትክክል ኔጋቲቭ ቢላቸው 1,615 ሰዎች የሌላቸውን በሽታ አለባችሁ ይባላሉ። አስቡት፣ ፖዘቲቭ ከተባሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የለባቸውም። ቁስል ያለበት ሰው ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ የመኖር እድሉ ከፍ ያለ ነው። እኔ ግን ምንም ምልክት ሳይኖረኝ "ሁሉንም" ብዬ የገባሁ ሰው ነበርኩ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዩኤስ ፕሪቬንቲቭ ሰርቪስስ ታስክ ፎርስ የሚባለው፣ ለጤነኛ ሰው የትኛው ምርመራ እንደሚጠቅም የሚመክረው የአሜሪካ ባለሙያዎች ቡድንም በ2016፣ ከዛ ደግሞ በየካቲት 2023 ያለው ይሄንኑ ነው፣ ምልክት የሌለውን ሰው እንዲሁ በደም ሄርፒስ አትመርምሩ።

አፍሪካ ውስጥ የተወለድን ሰዎች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች እነዚህ የኤችኤስቪ 2 ምርመራዎች ሐሰተኛ ፖዘቲቭ በብዛት ሲያወጡ ታይተዋል፣ ኡጋንዳ ራካይ የተሰራው አንዱ ነው፣ ተመራማሪዎቹም የፖዘቲቭ መነሻው 1.10 ሳይሆን ከ3 በላይ ቢሆን ይሻላል እስከማለት ደርሰዋል። አሜሪካ ያለ ሐኪም ይሄን ያውቃል ብላችሁ አትጠብቁ፣ እናንተ ጠይቁ።

ታዲያ ማረጋገጫው ምንድነው ስላት "ሲያትል" አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ላብ ውስጥ ለሄርፒስ የሚሰራ ዌስተርን ብሎት የሚባል ምርመራ ነበር፣ ለሌሎቹ ምርመራዎች መመዘኛ ሆኖ ያገለግል የነበረው እሱ ነው። አንድ ፕሮቲን ብቻ አያይም፣ የቫይረሱን ፕሮቲኖች በየመጠናቸው ዘርግቶ የሰውየው አንቲቦዲ የትኞቹ ላይ እንደሚለጠፍ ያሳያል፣ ከዛ ባለሙያ ቁጭ ብሎ መስመሮቹን ያነባል።

ማስላኩ ግን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዋ ዶክተር ስለምርመራው ሰምታ አታውቅም፣ "ፖዘቲቭ ነሽ ብያለሁ፣ ለምን ገንዘብሽን ታባክኛለሽ" አለችኝ። ሁለት ቦታ ደወልኩ እምቢ አሉ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ፕራክቲሽነር ቁጥሮቹን አይታ ወዲያው ፈረመችልኝ። ኪቱ ከሲያትል መጣ፣ ደሜ ተቀድቶ ሴረሙ (የደሙ ውሃማ ክፍል) ተለይቶ ተላከ። ከመጠርጠሪያው ጊዜ 12 ሳምንት ማለፍ ስላለበት እሱንም ቆጥረናል፣ አንቲቦዲ ወዲያው አይሰራም፣ በቅርብ የተያዘ ሰው ቸኩሎ ቢመረመር ኔጋቲቭ ሊባል ይችላል። እኛ የተገናኘነው ከሁለት አመት በፊት ስለነበረ በዚህ በኩል ጥያቄ የለም።

መልሱን እየጠበቅን እያለ ነው ያልጠበቅነው ነገር የመጣው። ህዳር መጀመሪያ ላይ እሱን ጉንፋን ያዘው፣ ትኩሳት ነበረው፣ በሁለተኛው ቀን ከንፈሩ ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡበት። እናቱ አዲስ አበባ ሆነው በቪዲዮ እያዩት "ምች ነው ልጄ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አይደል እንዴ የሚመታህ፣ እዛ ዳማከሴ ይገኛል?" አሉት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ።

ምች እኮ ሄርፒስ ነው። ቢያንስ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ በየአመቱ እዛው ቦታ የሚመለሰው። ኤችኤስቪ 1 ነው፣ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከእናቱ ከአክስቱ መሳም የሚይዘው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ50 አመት በታች ካሉ ሰዎች 64 በመቶው፣ 3.8 ቢሊዮን ሰው አለበት። እኛ አገር ፀሐይ መታኝ ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሽትቶ ይታለፋል፣ ማንም ማንንም ከማን አመጣኸው አይለውም። በእንግሊዝኛ ሲጠራ ግን ቤት ያፈርሳል። አልማዝ ባለጭራ የምንለውም በሐኪም ቋንቋ ሄርፒስ ዞስተር ነው የሚባለው፣ እሱ ሌላ ቫይረስ ነው፣ የኩፍኝ ዘመድ ሳይሆን የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ቫይረስ ነው ተደብቆ ቆይቶ የሚነሳው፣ ስሙ ስለተመሳሰለ ግን አገር ቤት "ሄርፒስ ተባልኩ" ብለው የሚጨነቁ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ።

የእሱ ሪዘልት ግን ኤችኤስቪ 1 ኔጋቲቭ ነበር፣ ያ ንጹህ ወረቀት። እንዴት ይሆናል? በነጋታው አረፋው ሳይደርቅ ኧርጀንት ኬር ወሰድኩት፣ ስዋብ አድርገው (ቁስሉን በጥጥ ነክተው) ፒሲአር ለሚባል ምርመራ ላኩለት። ይሄኛው ምርመራ አንቲቦዲ አይፈልግም፣ የቫይረሱን ዘር ራሱን ከቁስሉ ላይ ነው የሚፈልገው፣ ቁስል ያለበት ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄን ነው፣ ትኩስ እያለ። ሲደርቅ እድሉ ይቀንሳል፣ ያኔ ኔጋቲቭ ቢመጣም የለም ማለት አይቻልም። መልሱ መጣ፣ ኤችኤስቪ 1 ፖዘቲቭ። የደም ምርመራው አልፎታል። ይሄም የሚታወቅ ነገር ነው፣ ሲዲሲ በጠቀሰው ጥናት የደም ምርመራው ኤችኤስቪ 1 ካለባቸው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ከአስር ሰው ሶስቱን ይስታል።

ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ቆሞ ሁለት ወረቀት እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የደሙ ወረቀት የለብህም ይላል፣ የስዋቡ ወረቀት አለብህ ይላል፣ ከንፈሩ ላይ ደግሞ በአይኑ ያየዋል። "እኔ በዚህ ወረቀት ነው ሁለት ወር የፈረድኩብሽ" አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ ቀን እሱ ነው። እኔም የአይጂኤሙን ነገር፣ በልቤ ስንት ጊዜ እንደከሰስኩት፣ ያን ቀን ነገርኩት።

ከሲያትል የመጣው ከዛ በኋላ በሳምንቱ ነው። ኤችኤስቪ 1 ፖዘቲቭ፣ ኤችኤስቪ 2 ኔጋቲቭ። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የደወልኩት ለእትዬ ነው፣ እልል ብላ አስደነገጠችኝ። መድኃኒቱን በነርስ ፕራክቲሽነሯ ምክር አቆምኩ።

ሠርጉ ጥር ላይ አልሆነም። ቀብዱ ተበልቷል፣ ቤተሰብ የትኬት ቀን አልፎታል፣ እኛም ዝም ተባብለን የቆየነውን ሁለት ወር ለማከም ጊዜ ያስፈልገን ነበር። ለዘመድ "የስራ ፈቃድ አልደረሰም" አልን። ከፋሲካ በኋላ 2023 ላይ ተጋባን።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ውጤቱ ኔጋቲቭ ስለመጣ እፎይ ብዬ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ኤችኤስቪ 2 በእውነት ያለባቸው ከ15 እስከ 49 አመት ያሉ 520 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አሉ በዓለም ላይ። ትዳር ይይዛሉ፣ ይወልዳሉ፣ መድኃኒት እየወሰዱ ለሌላው የማስተላለፍ እድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። እኔን የጎዳኝ ቫይረሱ አልነበረም፣ ማረጋገጥ ሲቻል ሳይረጋገጥ የተነገረኝ ነገር ነው። አለብሽ ከሆነም በትክክል ይነገረኝ፣ ኖሬው እቅድ አወጣበታለሁ።

የመጨረሻው በ2024 የሆነው ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ አዲስ ማህፀን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሯን እያየች "የብልት ሄርፒስ ታሪክ እንዳለሽ አያለሁ፣ ስለዚህ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ቫላሳይክሎቪር እንጀምርልሻለን፣ ምጥ ሲመጣ ቁስል ካለ ደግሞ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው" አለችኝ። ለእናትና ልጅ የታሰበ ትክክለኛ አሰራር ነው፣ በእውነት ያለበት ሰው ከሆነ። የኔ ፋይል ውስጥ ግን የዛን አርብ ማታው ቀይ ቃል ሁለት አመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ከክሊኒክ ክሊኒክ አብሮኝ ይዞራል። የሲያትሏን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ እትዬ ነግራኝ ስለነበረ ኮፒዋን ሁሌ እይዛለሁ። ሐኪሟ አነበበቻት፣ ከዛ የድሮዎቹን ቁጥሮች ፈልጋ 1.62 እና 1.71 ስታይ ራሷን ነቀነቀች። ስክሪኑን ወደኔ አዙራ መስመሩን እያየሁ ሰረዘችው።